የባሕር ጭቃ ወደ መተማ

ለመምህርነት መተማ ተመድቤ ከጎንደር ስነሣ ከያዝኩት ጓዝ ውስጥ ሁለቱ ጨርሶ የማያስፈልጉ ነበሩ። አንደኛው እናቴ በግድ ያስያዘችኝ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ሁለተኛው ጭቃ ነው።

ጭቃው ከሜዲትራኒያን ባሕር ወለል የወጣ ነበር። ጣት በሚያካክሉ አርባ ስስ መስተዋቶች ላይ ተቀብቶ፣ በላዩ ሌላ መስተዋት ተለጥፎበት፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ በየመደቡ ተሰክቷል። የሰጡኝ የዩኒቨርሲቲ መምህሬ ናቸው። በወጣትነታቸው ውጭ አገር ሲማሩ ሁለት ወር በምርምር መርከብ ላይ ከርመዋል፤ ከሁለቱ ወር አንዱን ሲያስታውኩ እንዳሳለፉት ራሳቸው አይደብቁም። መርከቡ ረጅም የብረት ቧንቧ ወደ ባሕሩ ወለል ይሰድና ጭቃ ሞልቶ ያወጣዋል። ከቧንቧው ሥር ያለው ጭቃ የጥንት ነው፤ ከላይ ያለው የቅርብ ጊዜ። መምህሬ ከየደረጃው የስንጥር ጫፍ ታህል እየቆነጠሩ መስተዋት ላይ ቀብተው ወደ አገራቸው ይዘው ተመለሱ።

በጭቃው ውስጥ የሚፈለጉት ዲያቶም የሚባሉት ናቸው። ዲያቶሞች በዓይን አይታዩም። እንደ ተክል ምግባቸውን ከፀሐይ ብርሃን እየሠሩ ውሃ ላይ ይኖራሉ፣ እያንዳንዳቸውም የመስተዋት ቤት አላቸው። ባለቤቱ ሲሞት ቤቱ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። ባሕሩ በበለጸገበት ዘመን ብዙ ይራባሉ፣ ከሥርም ብዙ ቤት ይከማቻል። ስለዚህ እኩል እኩል ጭቃ እየመዘነ ቤቶቹን የሚቆጥር ሰው፣ ባሕሩ በዚያ ዘመን ምን ያህል ሕይወት ያፈራ እንደነበር መገመት ይችላል።

«መገመት ነው ያልኩሽ» ይሉኝ ነበር መምህሬ። «ቀጫጭኖቹ ወለሉ ጋ ሳይደርሱ ይሟማሉ። አንቺ የምታገኚው ወፍራም ወፍራሙን ነው። ደግሞ ወንዝ ብዙ አፈር ካመጣበት ቤቶቹ በአፈሩ መካከል ይሳሳሉ፤ ያልጠፋውን ጠፋ ብለሽ ትጽፊያለሽ። ቁጥር ለብቻው ቆሞ አይመሰክርም።»

ከለውጡ በኋላ አንድ ኮሚቴ ተሰብስቦ የባሕር ጭቃ የሰፊው ሕዝብ ጥያቄ እንዳልሆነ ወሰነ። ያኔ አገራችን ረጅም የባሕር ዳርቻ ነበራት፤ ሰፊው ሕዝብ ስለ ወለሉ ጠይቆ እንደሆነ ግን ማንም አላጣራም። መምህሬ ዓይናቸውም ደክሞ ነበርና ቆጠራውን እንድጨርስላቸው ሣጥኑን ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ተቀበልኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ የማልጨርሰው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ወሩ መስከረም ነው። ክረምቱ ገና ጨርሶ አልወጣም። የጫነን መኪና ከደጋው ከወረድን በኋላ በጥቁሩ ዋልካ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቀረቀረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ወርደን ገፋነው። ኬላው ላይ ስንደርስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ። ፈታሹ ሣጥኑን ከፈተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጭቃ ነው።»

እግሬን አየ። የመኪናውን ጎማ አየ። መንገዱን አየ።

«ወደ መተማ ጭቃ ይዘሽ ትመጫለሽ?»

«የባሕር ጭቃ ነው።»

አንዱን መስተዋት መዝዞ ወደ ፀሐይ አነሣው። «ምንም የለበትም።»

«አለበት። በዓይን አይታይም እንጂ።»

በዓይን የማይታይ ነገር ይዞ ድንበር ላይ መገኘት ምን እንደሚያስከትል የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። መስተዋቶቹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈው የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥርም አልረዳኝም። ፈታሹ ጓደኞቹን ጠራ። እነርሱም በየተራ ወደ ፀሐይ እያነሡ ምንም አለማየታቸውን አረጋገጡ፤ ምንም አለመታየቱም ጥርጣሬያቸውን አበረታው። ሣጥኑ ተያዘ። እኔ እንዳልፍ ተፈቀደልኝ፣ ሰኞ ዕለት ካድሬው ቢሮ እንድቀርብ ግን ታዘዝኩ።

የተከራየሁት ክፍል የአንድ ሸምገል ያሉ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበር። ሰው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። መንገድ ዳር ባለው ሱቃቸው ጨርቅ፣ ቅመምና ከማዶ የመጣ ሸቀጥ ይሸጣሉ፤ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም፣ ጠያቂዎቹም ደንበኞቻቸው ናቸውና። የሆነውን ነገርኳቸው። ጀላቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጭ አሉና ጥቂት አሰቡ።

«ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው የሚታየውንም ይደብቃል» አሉኝ። «አንቺ የማይታየውን ታሳያለሽ።»

ካድሬው ከእኔ ቢበልጥ በሁለት ዓመት ነው። የወሎ ልጅ ነው፣ ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ሥራውን ከልቡ የሚወድ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለው ዛሬ ነው እንጂ የዚያን ሰኞ ፈርቼው ነበር። ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ሁለቱ መስተዋቶች ተሰብረዋል። መምህሬ እንደነገሩኝ አድርጌ ሁሉንም አስረዳሁት፤ መርከቡን፣ ቧንቧውን፣ የመስተዋት ቤቶቹን። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። በመጨረሻ፣ «ባጭሩ የጥንቱ ባሕር ምርታማነት የሚታወቅበት ዘዴ ነው» ስል እስክሪብቶውን አነሣ።

«ምርታማነት አልሽ?»

«አዎ።»

«ማን ነው የሚያመርተው?»

«ዲያቶሞቹ ናቸው።»

«ተደራጅተዋል?»

እየቀለደ እንደሆነ ለማወቅ ዓይኑን አየሁት። አልቀለደም።

«አንዳንዶቹ በሰንሰለት ተያይዘው ነው የሚኖሩት» አልኩት። እውነት ነው፣ እንደዚያ የሚኖሩ አሉ። ጻፈው።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ በየወሩ ስለ አካባቢው ምርታማነት ሪፖርት ማቅረብ አለበት፤ ሰሊጡና ማሽላው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የሚደርሰው። የተቀሩትን ወራት የሚሞላበት ነገር ቸግሮት ነበር። ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ለውይይት ክበቡ ገለጻ እንዳደርግ አዘዘኝ። ሣጥኑን ከገለጻው በኋላ እንደሚመልስልኝም ቃል ገባ።

ያን ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። መገኘት ግዴታ ነበር፤ የቆርቆሮው ጥላም ከውጭው ፀሐይ ይሻላል። የከተማው ነጋዴ፣ መምህራኑ፣ የመንግሥት እርሻው ሠራተኞች፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። የኬላው ፈታሽም በር ላይ ቆሟል። እንዴት አድርጌ ከባሕር ወለል ወደ እነዚህ ሰዎች እንደምደርስ ሦስት ቀን ሳስብ ከርሜ መንገዱን ያገኘሁት ከጎናችን ከሚወርደው ከሽንፋ ወንዝ ነው።

«ሽንፋና ጓንግ ከዚህ ወርደው ሱዳን ይገባሉ» አልኳቸው። «ከዚያ ከዓባይ ጋር በግብፅ አልፈው ሜዲትራኒያን ይደርሳሉ። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የኛ ክረምት ከዛሬው እጅግ ይበረታ በነበረበት ዘመን ጎርፉ ደለሉንና ለምነቱን ይዞ ባሕሩ ውስጥ ይደፋ ነበር። ባሕሩ ያኔ ሌላ መልክ ያዘ፤ ከወለሉ የሚወጣው የዚያ ዘመን ጭቃ ጥቁር ነው። በአንዳንዱ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ዲያቶሙ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይገኛል። ስለዚህ እነዚህ መስተዋቶች ላይ ካለው አፈር ጥቂቱ ከዚህ አገር የሄደ ሊሆን ይችላል።»

ሐጂ ከፊት ወንበር እጃቸውን አነሡ። «በየትኛው ኬላ ነው ያለፈው?»

አዳራሹ ሳቀ። ፈታሹም ሳቀ፤ ካድሬው ሲያየው ግን ተወው።

ቀጥሎ የተነሣው አንድ የጎጃም ሰው ነው። ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ከብብቱ ይዟል። ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው። «መምህርት፣ የአባቴ ማሳ ተዳፋት ላይ ነው። እኔ ልጅ እያለሁ ጤፍ ያበቅል ነበር። አሁን ድንጋይ ብቻ ነው፤ እዚህ ቆላ ለቀን ሥራ የምመጣውም ለዚሁ ነው። አፈራችን እዚያ ባሕር ውስጥ ነው እያልሽኝ ነው?»

«ከፊሉ ሊሆን ይችላል» አልኩት።

«ያበቀለውስ ነገር፣ እነዚያ ዲያቶም ያልሻቸው፣ ማን በላቸው?»

«ጥቃቅን የባሕር እንስሳት። እነርሱን ዓሣ። ዓሣውን ደግሞ እዚያ ያሉ ሰዎች።»

«እንግዲህ ጥሩ ነው» አለና ተቀመጠ። «አንድ ሰው በልቶበታል።»

ካድሬው ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ እንደሆነ ገልጾ ስብሰባውን ዘጋ። ሣጥኔን ግን መለሰልኝ፤ ሠላሳ ስምንቱን። በዚያው አፉ አዲስ ሥራ ሰጠኝ። ዘዴው ለሩቅ ባሕር ከሠራ ለራሳችን ውሃ የማይሠራበት ምክንያት የለም አለ። ለአውራጃው ቢሮ ደውሎ በሳይንስ የተደገፈ የውሃ ምርታማነት ጥናት እየተካሄደ መሆኑን አስታውቋል። ጥናቱ ገና አልተጀመረም ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። «እንግዲያው ጀምሪው» አለኝ።

ለጥናት የሚሆን አንድ ውሃ ነበር። ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከመንግሥት እርሻው ተዳፋት ሥር፣ ሱዳኖቹ ሐፊር የሚሉት ትልቅ የተቆፈረ ኩሬ አለ። ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ የሐጂ ታላቅ ወንድም ለከብቶቻቸው በዶዘር ያስቆፈሩት ነው። መካከሉ ከዳሩ ዝቅ ስለሚል በበጋም ጨርሶ አይደርቅም።

ትምህርት ቤቱ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረው። ዳይሬክተሩ እንዳይበላሽ ብለው ለዓመታት ቆልፈውበት ኖረው፣ ሳጥኑ ሲከፈት ብርሃን የሚመልሰው መስታወት የለም። ሐጂ ከሱቃቸው የጺም መላጫ መስታወት አመጡ፤ ቆርጬ ገጠምኩት፣ ሠራ። ጭቃውን የምመዝንበት የቅመም ሚዛናቸውንም አዋሱኝ። ከክሊኒኩ ቁስል ላይ ሲያፈሱት አረፋ የሚያወጣውን ውሃ ጥቂት ለመንኩ፤ ጭቃው ውስጥ ያለውን ብስባሽ በልቶ የመስተዋት ቤቶቹን ያጠራቸዋል። የጎደለው ቧንቧው ብቻ ነበር።

ቧንቧውን ያገኙልኝ የመንግሥት እርሻው አንጋፋ ትራክተር ነጂ ናቸው። ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል፤ አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ እጃቸው በናፍታ የጠቆረ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። ምን እንደምፈልግ ነገርኳቸው፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። ከተጣለ የውሃ መስመር የወንድ ልጅ ቁመት የሚያህል ቧንቧ ቆረጡ። ባዶ በርሜሎች በገመድ አስረው ታንኳ መሰል ነገር ሠሩ። ሁለታችን ኩሬው መካከል ገብተን፣ እሳቸው ቧንቧውን በመዶሻ ዶዘሩ እስከ ቆፈረው ጠንካራ ወለል ድረስ ሰደዱት፣ አፉን በጨርቅ ወትፈው ጎተቱት። ዳር ወጥተን ጭቃውን በዱላ እየገፋን በሣንቃ ላይ አስተኛነው።

ቡናማና ግራጫ ጭቃ ነው፤ እንደ ቋሊማ ረዝሞ ተኝቷል። ከሥሩ በኩል አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ አንድ ጥቁር መስመር ተሻግሮታል። በጥፍሬ ቆንጥሬ አሸሁት። ከሰል ነው።

ትራክተር ነጂው አጎንብሰው አዩት።

«ይሄ ጫካው የተቃጠለበት ዓመት ነው» አሉ። «በለውጡ ማግስት እርሻው ሲስፋፋ ተዳፋቱ ላይ የነበረውን ግራርና አባሎ ዶዘር ገፋው፤ የተረፈውን አቃጠልነው። እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ብለው ቧንቧውን ማጠብ ጀመሩ። እኔም ያኔ የታየኝ ዕድሌ ብቻ ነው። መምህሬ ዕድሜውን ለማወቅ ዕንቅልፍ ያጡለት ዓይነት መስመር እኔ በነጻ አገኘሁ፣ ለዚያውም የለኮሰው ሰው አጠገቤ ቆሞ። ከመስመሩ በታች ከአብዮቱ በፊት ነው፤ ከመስመሩ በላይ ከአብዮቱ ወዲህ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት በኋላ እስኪመሽ ቆጠርኩ። ዲያቶሞቹ ነበሩ። እንደ ጀልባ የሾሉ፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ፣ አንዳንዶቹም ክብ። ገና የመጀመሪያዎቹን ሳይ ከኩሬው ዳር የሚጠጡት ግመሎች ይህን ሁሉ ጌጥ በአንድ ጉንጭ እንደሚውጡት አስቤ ሳቅሁ። ወደ መጨረሻው ግን ሳቁ ቀረ። ከከሰሉ መስመር በታች በአንድ ቁንጥር ጭቃ ውስጥ ዲያቶሙ ተጨናንቋል። ከመስመሩ በላይ ይሳሳል። ወደ ላይ ወደ እኛ ዘመን በተጠጋሁ ቁጥር አንዱን ለማግኘት ዓይኔ ይደክማል። ደጋግሜ ቆጠርኩ። ቁጥሮቹ አቋማቸውን አልለወጡም።

ወረቀቱን ይዤ ካድሬው ቢሮ ገባሁ። ቆሞ አነበበው፣ ከዚያ ተቀመጠ።

«ስለዚህ ምርታማነቱ ከፍ ያለው ከአብዮቱ በፊት ነው።»

«በአንድ ቁንጥር ጭቃ ሲታይ ነው እንጂ እንደዚያ ማለት አይደለም» አልኩት። የመምህሬን ማስጠንቀቂያ ዘረዘርኩለት። ከመስመሩ በታች ያለው የአምስት ስድስት ዓመት ጭቃ አራት ጣት ብቻ ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ግን በተመሳሳይ ዕድሜ ሁለት ስንዝር አልፏል። ዲያቶሙ አልቀነሰ ይሆናል፤ አፈሩ ስለበዛ ነው የሳሳው።

ፊቱ ፈካ አለ። «እንግዲያው እሱን ጻፊ። አፈሩ ከየት መጣ?»

«ከእርሻው ነው። ዛፉ ከተነሣ ወዲህ ጎርፉ ተዳፋቱን እየጠረገ ኩሬው ውስጥ ይደፋዋል።»

ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ። ሙቀቱ ያለ መስኮት የሚቻል አልነበረም።

«እንደገና ልበለው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወይ ጃንሆይ ከእኛ የተሻለ አምርተዋል፤ ወይ የመንግሥት እርሻው የሕዝቡን አፈር እያጠፋ ነው።»

«ከሁለቱ ሁለተኛው ነው።»

«ከሁለቱ አንዱንም አልጠየቅኩሽም።»

ከግንባሩ ላብ ይወርዳል። ስፈራው የኖርኩት ሰው እኔን ሳይሆን ወረቀቴን ሲፈራ ማየት አልተመቸኝም። አውራጃው ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ ጠይቆታል። በመጨረሻ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፣ «ጓዲት፣ ቧንቧው አሁን ባዶ ነው አይደል?» አለኝ። «የትኛው ጫፉ ከላይ እንደነበር የሚያውቅ አለ?»

«እኔ አውቃለሁ። ትራክተር ነጂውም ያውቃሉ።»

«ማለቴ ከወረቀቱ ላይ።»

እዚህ ላይ እምቢ አልኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እምቢ ያልኩት ጫፎቹን ገልብጬ ለመጻፍ ብቻ ነው። ሌላውን እሺ አልኩ። «የላይኛው» እና «የታችኛው» ይል የነበረውን ሰረዝኩና «ጫፍ ሀ» እና «ጫፍ ለ» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ዲያቶም ያለበትን ለ አልኩት። የከሰሉን መስመር ተውኩት። ውሸት አልጻፍኩም፤ እውነቱን አድራሻውን ፍቄ ነው የላክሁት። ያን ጊዜ ይህ ትልቅ ልዩነት መስሎኝ ነበር።

አውራጃው ውስጥ ሀ ከለ እንደሚቀድም የማያውቅ ሰው አልነበረምና ወረቀቱ እንደተፈለገው ተነበበ። የኩሬው ምርታማነት ከሀ ወደ ለ በከፍተኛ ደረጃ አድጓል። የምስጋና ደብዳቤ መጣ። በሰልፍ ላይ ዳይሬክተሩ አነበቡት፣ ተጨበጨበልኝ። ካድሬው በሚቀጥለው ቀን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቶሎ ሰላም ብሎኝ አለፈ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በጥር ወር ካኪ የለበሱ ሦስት የአውራጃው ሰዎች ኩሬውን ለማየት መጡ። አንደኛው ቡናማውን ውሃ እያየ፣ «ይህ ዲያቶም ይበላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሰው አይበላውም» አልኩ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «ዓሣ ነው የሚበላው።»

ሦስቱም ተያዩ።

በወሩ ከጣና በሁለት በርሜል ዓሣ ተጭኖ መጣ። መንገዱ የሚታወቅ ነው፤ አንደኛው በርሜል የደረሰው ሞቶ ነው። ሁለተኛው ውስጥ የተረፉት ቀረሶ የሚባሉ ዓሣዎች በንግግርና በመፈክር ኩሬው ውስጥ ተለቀቁ። እኔ የጥናቱ ባለቤት ተብዬ ከፊት ቆሜ ነበር። ካድሬው ንግግሩን ሲያነብ ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። ሐጂ ከጎኔ ሆነው በጆሮዬ፣ «ልጄ፣ ወንድሜ ይህን ያስቆፈረው ለላም ነበር» አሉኝ።

መጋቢት ገባ፣ ሙቀቱ በረታ። በደለል የተሞላ ኩሬ ውሃው ጥልቀት የለውም፤ በሚያዝያ አጋማሽ ገንፎ ሆነ። አንድ ጠዋት ዓሣዎቹ በጎናቸው ተንሳፈፉ። ትላልቆቹ አሞሮች ከማንም በፊት ደርሰው ነበር፤ ከእነርሱ የተረፈውን የአካባቢው ሰው በዘንቢል ለቀመ። የዚያ ወር ሪፖርት የዓሣ ምርት ለኅብረተሰቡ መከፋፈሉን ገለጸ። ከጻፍናቸው ሁሉ አንድም ቃል የማይታረምበት እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ካድሬው ወደ ገለጉ ተዛወረ። ዕድገት ነው ተባለ፤ ገለጉን የሚያውቅ ሰው ግን እንኳን ደስ ያለህ አላለውም። ከመሄዱ በፊት ትምህርት ቤት መጣና ያን ዲያቶም የሚባለውን ሊያይ እንደሚፈልግ ነገረኝ። እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ አይቶ አያውቅም ነበር። ከኩሬው ሳይሆን ከባሕሩ መስተዋቶች አንዱን አስቀመጥኩለት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ አለ፣ ብዙ ቆየ።

«እነዚህን እንዲህ አድርጎ የቀረጻቸው ማን ነው?» አለኝ።

«ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት።»

«ማንም ሳያዛቸው?»

«ማንም ሳያዛቸው።»

ቀና አለና መነጽሩን ጠረገ። «በዚያ ወረቀት ያደረግኩሽን ይቅር በዪኝ» አለኝ። እኔም ጥፋቱ የሁለታችን መሆኑን ነገርኩት። ተጨባበጥን። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

የእኔ ጥፋት ግን በመጨባበጥ የሚያልቅ አልመሰለኝም። ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ወደ መንግሥት እርሻው ሄድኩና ትራክተር ነጂውን ከዛፍ ጥላ ሥር አገኘኋቸው። ትክክለኛውን ቁጥር፣ የላይኛውንና የታችኛውን በስሙ እየጠራሁ አሳየኋቸው። የአፈሩን ውፍረት በጣታቸው ለክተው እንዲያዩ አደረግሁ። ማንበብ ብዙም አይሆንላቸውም፤ ነገሩን ለመረዳት ግን ካድሬው የፈጀበትን ጊዜ ግማሽ እንኳ አልወሰደባቸውም።

«እኔ ይህን አውቃለሁ» አሉ። «በየዓመቱ የማረሻው ዲስክ የሚገለብጠው ድንጋይ ይበዛል። የት እንደሚሄድ ነው የማላውቀው የነበረው።»

«ለማን እንደምነግር አጣሁ» አልኳቸው።

«ነገርሽኝ እኮ።»

በዚያ ክረምት ሲያርሱ ከኩሬው በላይ ካለው ተዳፋት አጠገብ ሲደርሱ ዲስኩን አነሡት። ሠላሳ እርምጃ ያህል ስፋት ያለው መሬት እንዳለ ታልፎ ቀረ። ኃላፊው ሲጠይቃቸው እዚያ ጋ ድንጋይ ዲስክ ይሰብራል አሉ። ዲስክ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነውና ኃላፊው አልተከራከረም። በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው አለፉት። ሣር ወረሰው፣ ከሣሩ መካከል ግራር ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ወደ ጎንደር የምዛወርበት ደብዳቤ በእጄ ገብቶ ሳለ፣ ከኩሬው ወለል ላይ የላይኛውን ስስ ጭቃ ብቻ ቆንጥሬ ቆጠርኩ። ዲያቶሙ ጥቂት ጨምሯል። ብዙ አይደለም፤ ሌላ ሰው ቢያየው ልዩነት ነው አይለው ይሆናል። እኔም የአንድ ሁለት ዓመት ጭቃ ምስክር እንደማይሆን አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ከፍ ብሎ አገኘሁት። ሪፖርት አልጻፍኩም። ከሰዓት በኋላ እርሻው ድረስ ሄጄ ለእሳቸው ብቻ ነገርኳቸው። ከትራክተሩ ሥር በጀርባቸው ተኝተው ብሎን እያጠበቁ ነበር።

«ጥሩ ነው» አሉ ከሥር ሆነው። «እስቲ ያንን አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ አቀብዪኝ።»

አቀበልኳቸው።